ስለ ኮሌራ ተሕዋስና ስለ ውሃው መንገድ

በሰው አንጀት ውስጥ ቍጥራቸው እጅግ የበዛ ረቂቃን ተሕዋስያን ይኖራሉ። ከእነዚህም የሚበዙት ሰውን የማይጐዱ፥ እንዲያውም የምግቡን ትርፍ በማብላላትና አንዳንድ ቪታሚኖችን በማዘጋጀት የሚጠቅሙት፥ ከሕፃንነቱ እስከ ሞቱ አብረውት የሚቆዩ ቤተኞች ናቸው። ጥቂቶቹ ግን እንግዶች ናቸው፤ በውሃ ወይም በምግብ በአፍ ገብተው፥ በአንጀት ውስጥ ጥቂት ቀን ሰንብተው፥ ወይ ገድለው ወይ ተሸንፈው ይወጣሉ። ከእነዚህ እንግዶች መካከል በፍጥነቱ እጅግ የሚፈራው የኮሌራ ተሕዋስ ነው። ጠዋት ኪዳን ቆሞ ያስደረሰ ሰው ፀሐይ ሳትጠልቅ ሬሳ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ እንዲህ ያለ ፍጥነት ያላቸው የአንጀት በሽታዎች ብዙ አይደሉም።

ስለዚህ ተሕዋስ በዚህ ገጽ ለመጻፍ ያነሣሣን ነገር ሩቅ አይደለም። በነሐሴ ወር 2014 ዓ.ም. በባሌ ዞን በሐረና ቡሉቅ ወረዳ የጀመረው የኮሌራ ወረርሽኝ ከወረዳ ወደ ወረዳ ሲተላለፍ ቆይቶ፥ በሐምሌ ወር 2015 ዓ.ም. በምዕራብ ጎንደር ዞን በቋራ ወረዳ ታየ። የታየውም በበርሜል ጊዮርጊስ ጠበል ነው። ፈውስ ፍለጋ ከየአገሩ የተሰበሰበው ሕዝብ በአንድ ቆላ ስፍራ፥ በአንድ ውሃ ዙሪያ ሰፍሮ ሳለ በሽታው በመካከሉ ገባ። ከዚያም ወደየቤቱ የሚመለሰው ተሳላሚ በሽታውን ይዞ ሊሄድ የሚችል ሆነ። አንባቢ ሆይ፥ ነገ በእንዲህ ያለ ስፍራ የሚያገለግለው፥ የሚያጠምቀው፥ የሚገንዘውም ከእኛ መካከል የሚወጣ ነውና የተሕዋሱን ጠባይ ማወቅ ይገባል። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያልተጻፈባቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናመለክታለን።)

የተሕዋሱ የሊቃውንት ስም ቪብሪዮ ኮሌሬ ይባላል። በአጉሊ መነጽር ሲታይ እንደ ማጭድ ጐበጥ ያለ፥ በአንድ ወገኑ አንድ ቀጭን ጅራት ያለው፥ በጅራቱም እየተወረወረ የሚዋኝ ነው። መጠኑን ለመገመት፥ አምስት መቶው በአንድ መስመር ቢሰለፍ ርዝመቱ ከአንድ ሚሊሜትር አይበልጥም። የተፈጥሮ ማደሪያው የሰው አንጀት ብቻ አይደለም፤ ወንዝ ከባሕር በሚቀላቀልበት ሞቃትና ጥቂት ጨው ባለበት ውሃ ውስጥ፥ ከቁንጫ በሚያንሱ የውሃ ነፍሳት ቅርፊት ላይ ተጣብቆ ሰው በሌለበትም ይኖራል። ወገኑ ከ200 በላይ ሲሆን፥ ወረርሽኝ ሲያስነሡ የታዩት ግን «ኦ 1» እና «ኦ 139» የተባሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ከሁሉም የሚደንቀው፥ መርዝ የማዘጋጀት ችሎታው ከራሱ የመነጨ አለመሆኑ ነው። ባክቴሪያዎችን የሚያጠቃ አንድ ቫይረስ የመርዙን ትእዛዝ ተሸክሞ እንደሚያስገባበት በ1996 ታውቋል። ይህ ቫይረስ ያልገባበት ቪብሪዮ ኮሌራን አያመጣም።

ተሕዋሱን አስቀድሞ ያየው ጣሊያናዊው ፊሊፖ ፓቺኒ ነው፤ ዘመኑ 1854፥ ስፍራው ፍሎሬንስ። በዚያው ዓመት በለንደን ከተማ ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም የሞቱትን ሰዎች ቤት በካርታ ላይ እያመለከተ፥ ሟቾቹ ከአንድ የብሮድ ጐዳና የውሃ ፓምፕ ይቀዱ እንደ ነበር አሳየ፤ የፓምፑም እጀታ እንዲነቀል አደረገ። እንግዲህ በአንድ ዓመት ውስጥ አንደኛው ተሕዋሱን፥ ሁለተኛው መንገዱን አገኙ፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን ብዙዎቹ ሐኪሞች በሽታ የሚመጣው ከክፉ ሽታና ከተበላሸ አየር ነው ብለው ያምኑ ስለ ነበር ሁለቱንም የሚሰማ ጥቂት ሆነ። ጀርመናዊው ሮበርት ኮኽ በ1883 በግብፅ፥ ቀጥሎም በሕንድ በካልካታ ተሕዋሱን መርምሮ እስኪያስረዳ ድረስ 30 ዓመት ገደማ አለፈ።

አሁን ተሕዋሱ በአንጀት ውስጥ ወደሚሠራው ሥራ እንግባ፤ የነገሩ ሁሉ ቍልፍ በዚህ ነውና።

የሚጠጣውና የሚበላው ከምራቅ፥ ከጨጓራ፥ ከሐሞትና ከአንጀት ከሚመነጨው ፈሳሽ ጋር ተደምሮ በጤነኛ ጐልማሳ አንጀት ውስጥ በየቀኑ 9 ሊትር ገደማ ውሃ ያልፋል። ከዚህ ውስጥ በዓይነ ምድር የሚወጣው ከአንድ ብርጭቆ የሚያንስ ነው፤ የቀረውን ሁሉ አንጀት መልሶ ይመጠዋል። ስለዚህ የአንጀትን ግድግዳ እንደ ገዳም ቅጥር ብናስበው፥ በቅጥሩ ላይ በሺሕ የሚቈጠሩ ትንንሽ በሮች አሉ፤ እያንዳንዱም በር በረኛ አለው። በረኛው ጨውና ውሃ በልክ እንዲገባና እንዲወጣ ያደርጋል።

የኮሌራ ተሕዋስ በአፍ ሲገባ መጀመሪያ የሚገናኘው ከጨጓራ አሲድ ጋር ነው። አሲዱ የሚበዛውን ይገድለዋል። ጤነኛ ጨጓራ ያለው ሰው እንዲታመም በሚሊዮን የሚቈጠር ተሕዋስ መዋጥ ያለበትም ስለዚህ ነው። ጨጓራው አሲድ ያነሰው ሰው፥ በረኀብ የተጐዳ ሕፃን፥ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስድ በሽተኛ ግን በጥቂቱ ይያዛል። ጠበል በሊትር የሚጠጣም ሰው በአንድ ጊዜ አሲዱን ያቀጥነዋልና ይህ ጥበቃ እንደሚላላበት ማሰብ ይገባል። ከአሲዱ የተረፈው ተሕዋስ ወደ ቀጭኑ አንጀት ወርዶ፥ በጅራቱ ዋኝቶ ግድግዳው ላይ ይጣበቃል። ግድግዳውን ግን አይበሳውም፤ ወደ ደምም አይገባም፤ አንጀትንም አያቈስልም። በስፍራው ሆኖ መርዝ ይረጫል እንጂ።

መርዙ ስድስት ክፍሎች ያሉት ነው። አምስቱ ክፍሎች ሕዋሱን የሚይዙ እጆች ናቸው፤ ስድስተኛው ወደ ውስጥ ገብቶ በረኛውን ያስራል። የታሰረው በረኛ በሩን መዝጋት አይችልም፤ ጨው ከሕዋሱ ወደ አንጀት ይፈሳል፤ ጨው በሄደበት ሁሉ ውሃ ይከተላል። ብርቱ ሕመም የያዘው ጐልማሳ በአንድ ሰዓት እስከ 1 ሊትር ፈሳሽ ሊያጣ ይችላል። ዓይነ ምድሩ ቀለሙ ጠፍቶ ሩዝ የታጠበበትን ውሃ ይመስላል፤ ቍርጠትና ትኵሳት አብዛኛውን ጊዜ የለበትም። ቀጥሎ ዓይን ይጐደጕዳል፥ ምላስ ይደርቃል፥ ቆዳ ተቈንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ አይመለስም፥ የእጅ ጣቶች እንደ አሮጊት ጣት ይሸበሸባሉ፥ የእግር ጡንቻ ይሸመቀቃል፥ ድምፅ ይሰልላል፥ ሽንት ይቆማል፥ የደም ሥር ትርታ በጣት ሲፈለግ ይጠፋል። ልብ የሚገፋው ደም ያጣል። በሽተኛው የሚሞተው በመርዙ ሳይሆን በጥማት ነው ለማለት ይቻላል፤ ያውም አጠገቡ ውሃ ተቀምጦ ሳለ።

ይህን ሁሉ የሚያደርገው መርዙ መሆኑን በ1959 በካልካታ ያረጋገጠው ሕንዳዊው ሊቅ ሻምቡ ናት ደ ነው። የጥንቸልን አንጀት በክር ከሁለት ወገን አስሮ፥ በመካከሉ ተሕዋሱን ያደገበትን ፈሳሽ ብቻ ጨመረ፤ አንጀቱም በውሃ ተነፋ። ያለ ብዙ መሣሪያ የተሠራ፥ ነገር ግን ሰባ አምስት ዓመት የቆየውን ክርክር የዘጋ ሥራ ነው።

ተሕዋሱ አንጀትን የማያቈስል ከሆነና የአንጀት ግድግዳ ሕዋሳት በጥቂት ቀን ውስጥ እየረገፉ በአዲስ የሚተኩ ከሆነ፥ መርዝ የነካቸው በረኞች ሁሉ በራሳቸው ጊዜ ይሄዳሉ ማለት ነው። ከሐኪም የሚፈለገው በሽተኛውን እስከዚያ ቀን ድረስ በሕይወት ማቆየት ብቻ ሆነ። የወጣውን ያህል መመለስ! ነገሩ እንዲህ ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም ሰዎች ይህን ለማግኘት ከመቶ ዓመት በላይ ደክመዋል።

በ1832 ቶማስ ላታ የተባለ የስኮትላንድ ሐኪም በሞት አፋፍ ላይ ላሉ የኮሌራ በሽተኞች የጨው ውሃ በደም ሥር ሰጥቶ አንዳንዶቹን አስነሥቷል። ባልንጀሮቹ ግን አልተከተሉትም፤ ደም ማፍሰስና ማስቀመጥ የዘመኑ ሕክምና ነበርና፥ ውሃ ያለቀበትን ሰው ይበልጥ ያደርቁት ነበር። የጨው ውሃን በአፍ የመስጠቱም ሙከራ ከሸፈ፤ የታሰረው በር ጨውን ብቻውን አያስገባምና። በ1960 ሮበርት ክሬን የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ፥ በአንጀት ግድግዳ ላይ ስኳርና ጨው ተያይዘው ብቻ የሚገቡበት ሌላ በር መኖሩን አስረዳ። የኮሌራ መርዝ ይህን በር አይነካውም። ስለዚህ ጨውና ስኳር በልክ ተደባልቀው ከተጠጡ፥ በዋናው በር ውሃ እየፈሰሰ ሳለም በዚህ በጓሮ በር ይገባል። በ1968 ዴቪድ ናሊንና ሪቻርድ ካሽ በዳካ ይህን በበሽተኞች ላይ ሞክረው አሳዩ። በ1971 በባንግላዴሽ ጦርነት ጊዜ በሕንድ ድንበር ላይ በቦንጋዎን በተሠራው የስደተኞች ሰፈር፥ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ባለቀ ጊዜ፥ ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባለ ሐኪም ጨውና ስኳር በከረጢት አሽጎ ለበሽተኞቹ ቤተሰቦች አደለ፤ በበርሜልም በጥብጦ አጠጣቸው። ከመቶ በሽተኛ ሠላሳ ገደማ ይሞት የነበረው ከአራት በታች ሆነ። የሚያጠጡት አብዛኛዎቹ እናቶችና እኅቶች እንጂ ሐኪሞች አልነበሩም።

ዛሬ ይኸው ድብልቅ «ኦ.አር.ኤስ.» በሚባል ከረጢት በየጤና ኬላው ይገኛል። ከ2002 ጀምሮ በሚሠራበት ልክ፥ ለአንድ ሊትር 2.6 ግራም የወጥ ጨው፥ 13.5 ግራም ግሉኮስ፥ 1.5 ግራም የፖታሲየም ጨውና 2.9 ግራም ሲትሬት አለበት። ከረጢት ያልተገኘ እንደ ሆነ፥ በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ መስጠት ይቻላል። ልኩ መጠበቅ አለበት፤ ጨው የበዛበት ሕፃንን ይጐዳል፥ ስኳር የበዛበት ተቅማጡን ያብሳል። ከሁለት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ባስቀመጠው ቍጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፥ ከዚያ በላይ ያለ ልጅ ከ100 እስከ 200፥ ጐልማሳ የቻለውን ያህል ይጠጣል። ቢያስመልሰው አሥር ደቂቃ ታግሦ በማንኪያ በዝግታ መጀመር ነው። ጡት የሚጠባ ሕፃን ጡቱን አይከለከልም። መጠጣት ያቃተው፥ ትርታው የጠፋ፥ የደነዘዘ በሽተኛ ግን ሳይውል ሳያድር በደም ሥር ፈሳሽ ወደሚሰጥበት ቦታ መድረስ አለበት፤ በመንገድ ላይም ማጠጣቱ አይቋረጥ። ሳይታከም የቀረ ብርቱ ኮሌራ ከታመሙት እስከ እኩሌታው ሊገድል ይችላል፤ በጊዜ የታከመው ግን ከመቶ አንድ እንኳ አይሞትም። በዚህ በሽታ ላይ በጾም ምክንያት ውሃ የሚከለከል ሰው ይገኝ ይሆናል፤ የበሽተኛ ጾም የንስሓ አባቱ ነገር ነው፤ ንስሓ አባቱ እስኪፈለግ ድረስ ግን ይህ በሽታ አይጠብቅም።

ተሕዋሱ ከተሳላሚ ጋር መጓዙ ዛሬ የጀመረ አይደለም። በ1865 በመካ በተሰበሰቡት ሐጃጆች መካከል ኮሌራ ገብቶ 15 000 ያህል ሰው እንደ ፈጀ ይነገራል፤ የተረፉት በመርከብ ሲመለሱ በሽታው በግብፅ አድርጎ አውሮፓ ደረሰ። መንግሥታት ደንግጠው በ1866 በቍስጥንጥንያ ጉባኤ አደረጉ። በቀይ ባሕር ወዲህ ማዶም ዳፋው አልቀረም። በዚያው በ1866 ዐፄ ቴዎድሮስ በጣና ዳር በዘጌ ሰፍረው ሳለ ኮሌራ በሠራዊታቸው ገባ፤ ንጉሡም ሠራዊቱን ከሐይቁ ዳር አንሥተው ወደ በጌምድር ደጋ አወጡት። በንጉሡ እጅ የነበረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ይህን በመጽሐፉ ጽፎታል። ስለ ተሕዋሱ ማንም በማያውቅበት ዘመን፥ ሰፈርን ከቈሸሸ ውሃ ማራቅ ትክክለኛ ሥራ ነበር።

በ1905 ደግሞ ከመካ ለሚመለሱ ሐጃጆች መቆያ በተሠራው በሲና በረሓ በኤል ጦር፥ ፌሊክስ ጎትሽሊኽ የተባለ ሐኪም ከሞቱ ሐጃጆች አንጀት አንድ ዓይነት ቪብሪዮ አወጣ። ሰዎቹ የኮሌራ ምልክት አልነበረባቸውም፤ ስለዚህ ብዙ ዘመን ሊቃውንት ይህ እውነተኛ ኮሌራ ነው አይደለም እያሉ ተከራከሩበት። ክርክሩን የፈታው ራሱ ተሕዋሱ ነው። «ኤል ጦር» የተባለው ይኸው ወገን በ1961 ከኢንዶኔዥያ ተነሥቶ፥ በ1970 አረቢያንና አፍሪካን ወረረ፤ ከክፉ ቀን ዘመን ወዲህ ብዙ ዘመን ርቆ ወደ ቆየባት ወደ ኢትዮጵያም በዚሁ ዓመት ገባ። ዛሬም በዓለም የሚዞረው እርሱ ነው። ኃይሉ ለስላሳ መሆኑ ነው ጉዳቱን ያከፋው፤ ከሚይዛቸው ሰዎች የሚበዙት አይታመሙም ወይም ቀላል ተቅማጥ ብቻ ያገኛቸዋል፤ ነገር ግን ከአንድ ቀን እስከ አሥር ቀን ድረስ ተሕዋሱን በዓይነ ምድራቸው ያወጣሉ። ጤነኛ መስሎ የሚጓዝ ሰው መንገዱን ይከፍታል ማለት ነው።

በአገራችን ስሙም ራሱ ታሪክ አለው። በ1998 ዓ.ም. ከጋምቤላ የተነሣው ወረርሽኝ በይፋ የተጠራው «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት» ተብሎ ነው፤ ሕዝቡም አሳጥሮ «አተት» አለው። ኮሌራ የሚለው ቃል ንግድንና እንግዳን ያስፈራል የሚል ሥጋት በየአገሩ መንግሥታት ዘንድ ይገኛል። ለበሽተኛው ስሙ ልዩነት የለውም፤ የሚጠጣው ያው ነው። ለጎረቤት ወረዳ ግን ልዩነት አለው፤ በስሙ ያልተጠራ በሽታ መምጣቱ በጊዜ አይታወቅምና።

ቀይ ባሕር ለተሕዋሱ በሁለት ወገን የሚሻገሩበት ድልድይ ነው። በ2016ና በ2017 በየመን የተነሣው ወረርሽኝ በ2017 መጨረሻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው አጠቃ ተብሎ ተቈጥሯል። ሊቃውንት የተሕዋሱን የዘር ጽሕፈት አንብበው በ2019 ባወጡት ጥናት፥ ከደቡብ እስያ ተነሥቶ በምሥራቅ አፍሪካ አልፎ ወደ የመን መግባቱን አስረድተዋል። በጅቡቲ በኩል ወደ የመን፥ ከየመንም ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ በእግርና በጀልባ የሚሄዱት ወገኖቻችን የሚያልፉት ውሃ በሌለበት በዚሁ ጐዳና ነው፤ ከበሽታው ጋር በመንገድ ላይ መገናኘታቸው አያስደንቅም።

ከዚያ ጐዳና መጨረሻ አንዱ በባሕረ ሰላጤው ዳር ያሉት የደማምና የኾባር ከተሞች ናቸው። በእነዚህ ከተሞች በቤት ሠራተኝነት፥ በሾፌርነትና በቀን ሥራ የሚኖር ኢትዮጵያዊ አለ። በሕጋዊ መንገድ የሚሄደው ከመነሣቱ በፊት ደሙን ብቻ ሳይሆን ዓይነ ምድሩንም ይመረመራል፤ ይህም ምግብ የሚያበስል እጅ የአንጀት ተሕዋስ ይዞ እንዳይገባ ነው። ለሚመረመረው ሰው ነገሩ ውርደት ይመስለዋል፤ ሆኖም ምርመራው ብቻውን ከተማን አይጠብቅም፤ ሳይመረመር የሚገባው ብዙ ነውና፥ በምርመራው ቀን ንጹሕ የነበረውም በሳምንቱ ሊያዝ ይችላልና። እንግዲህ የቋራ ወይም የየመን ተሕዋስ በአንድ ሰው አንጀት ተጭኖ ኾባር ቢደርስ ምን ይሆናል? ከተሞቹ ወንዝ የላቸውም፤ ዝናብም ጥቂት ነው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ከሚጠጡት ውሃ ብዙውን የሚያገኙት ከባሕር ጨዉን አውጥቶ በሚያጣራ ፋብሪካ ነው፤ ውሃው በታሸገ ቧንቧ ይገባል፥ ፍሳሹ በሌላ ቧንቧ ይወጣል። ሁለቱ ቧንቧዎች አይገናኙም። በሽተኛው ይታመማል፥ ይታከማልም፤ ጎረቤቱ ግን አይያዝም። ያው ሰው፥ ያው አንጀት፥ ያው ተሕዋስ ሆኖ ሳለ በርሜል ጊዮርጊስ ላይ ወረርሽኝ የሆነው ኾባር ላይ አንድ በሽተኛ ብቻ ሆኖ ይቀራል። በሽታው የድኻ ሰውነት በሽታ አይደለም፤ ከዓይነ ምድር ወደ አፍ የሚወስደው መንገድ ያልተዘጋበት ስፍራ በሽታ ነው።

ፋብሪካና ቧንቧ ለሌለው ጠበል ቦታ ይህ ምን ይጠቅማል የሚል ይኖራል። ይጠቅማል፤ መንገዱን ለመዝጋት ሁልጊዜ ፋብሪካ አያስፈልግምና።

ምንጭ ከመሬት ሲወጣ ብዙ ጊዜ ከዚህ ተሕዋስ ንጹሕ ነው። የሚቆሽሸው ከወጣ በኋላ፥ ሰው በእግሩ ሲገባበት፥ ጣሳና ጀሪካን ሲነከርበት፥ ከበላዩ በሜዳ የተጸዳዳው ሕዝብ ቆሻሻ በክረምት ጎርፍ ሲወርድበት ነው። ወረርሽኙ በቋራ የታየው በሐምሌ መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የምንጩን ዓይን በድንጋይና በሲሚንቶ ከድኖ ውሃውን በቧንቧ ብቻ ማውጣት ነው፤ ቀጥሎ የሚጠጣው ከላይ፥ የሚጠመቁበት ከታች እንዲሆን መለየት፤ መጸዳጃ ቤት ከምንጩ በታችና ቢያንስ ከ30 ሜትር በላይ ርቆ መቆፈር፤ ከመጸዳጃው አጠገብ ውሃና ሳሙና ማኖር፤ ሳሙና ያልተገኘ እንደ ሆነ ዐመድ። ከብዙ ስፍራ የተሰበሰበ ሕዝብ ሜዳ ላይ ሰፍሮ የሚውልና የሚያድር ከሆነ ጉድጓዱ ከሕዝቡ በፊት መቆፈር አለበት፤ በሽታ ከገባ በኋላ የሚቆፈር መጸዳጃ ዘግይቷል።

ክሎሪን በጠበል ላይ ይጨመር ወይስ አይጨመር የሚለው ጥያቄ በየስፍራው ክርክር ያስነሣል። በእኛ አስተያየት ክርክሩ ከሚያስፈልገው በላይ ሰፍቷል። ምንጩ ከተከደነና የሚጠጣው ከሚታጠቡበት ከተለየ ጥያቄው ራሱ ያንሳል። ተሳላሚው በሰፈሩ ምግብ የሚያበስልበትና በየቀኑ የሚጠጣው ሌላ ውሃ ግን ያለ ክርክር መፍላት ወይም «ውሃ አጋር»ን የመሰለ ክሎሪን በዕቃው ላይ በተጻፈው ልክ ሊጨመርበት ይገባል። ውሃ አንድ ጊዜ ከፈላ ተሕዋሱ ይሞታል። ያልበሰለ ቃሪያና ሰላጣም በዚያው በተጣራ ውሃ ካልታጠበ መንገዱ በሌላ በር ይከፈታል፤ የጾም ማዕድ ይህን ይወዳልና ማሰብ ይገባል።

በአፍ የሚሰጥ ክትባትም አለ፤ ዓለም ከሚፈልገው በታች ስለሚመረት ከጥቅምት 2022 ጀምሮ ወረርሽኝ በተነሣበት ስፍራ በሁለት ፈንታ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሰጥ ተወስኗል። አንድ ጊዜ የተሰጠው ጥበቃው አጭር ነው።

የመጨረሻው ነገር ስለ ሟች ነው። በኮሌራ የሞተ ሰው ሥጋ ከሞት በኋላም ፈሳሽ ያወጣል፤ በፈሳሹም ውስጥ ተሕዋሱ አለ። ስለዚህ አስከሬኑን የሚያጥብና የሚገንዝ ሰው ጓንት ወይም የላስቲክ ከረጢት በእጁ ያድርግ፤ አስከሬኑና መግነዙ በክሎሪን ውሃ ይረጭ፤ ልብሱና ምንጣፉ በወንዝ አይታጠብ፤ ቀብሩም በተቻለ ፍጥነት በዚያው ቀን፥ ከውሃ ርቆ ይሁን። ከቀብር መልስ ንፍሮ ይታደላል፤ ሬሳውን የገነዘው እጅ ብዙ ጊዜ ያንኑ ንፍሮ የሚያፍሰው እጅ ነው። ገናዡ ሌላ፥ ንፍሮ አዳዩ ሌላ ይሁን፤ ቀብር የዋለውም ሁሉ ወደ ማዕዱ ከመቅረቡ በፊት በሳሙና ይታጠብ።